የአቶ ልሳነወርቅ የእጅ መታጠቢያ

አንድ ቀን ነው፤ ሐሙስ ይመስለኛል፣ ረቡዕ ከሆነም ይቅርታ አድርጉልኝ። ታሪኩን የነገረኝ ሰው እዚያው ቆሜ አይቻለሁ ብሎኛል። እኔ ግን ዕድሜዬ ገፍቷልና የጀሪካኑ ቀለም ሰማያዊ ይሁን ነጭ ብትጠይቁኝ አልምልም።

በአንድ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። እርሳቸው የማያውቁት ነገር አልተፈጠረም፤ ከተፈጠረም ሳያስፈቅዳቸው ነው። በሥራቸው ሸዋንግዛው የሚባል ጫኝና አውራጅ ነበር፤ የአምስት ልጆች አባት። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ባልደረባው «ጌታዬ፣ የተሳሳቱ ይመስለኛል» በማለቱ ብቻ ከሥራ ስለተባረረ፣ ሸዋንግዛው አፉን አጥብቆ ይይዝ ነበር።

በዚያ ጠዋት አዲስ ጀሪካኖች መጡ። ጽሑፋቸው በማንም በማይነበብ የባዕድ ቋንቋ ሲሆን፣ ከጎኑ ቀይ ክፈፍ ያላቸው ሥዕሎች ተለጥፈዋል። ሸዋንግዛው ሲያወርድ ከአንዱ ክዳን ሥር አንዲት ጠብታ በካኪ ሱሪው ጉልበት ላይ ጠብ አለች። ረፋዱ ላይ ቢያይ ሱሪው ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አውጥቷል።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቧንቧው ደረቀ። የሠራተኛው ሁሉ እጅ እስከ ክርኑ ኖራ በኖራ ነው። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር አቶ ልሳነወርቅ ብቅ አሉና በብዕራቸው አንዱን ጀሪካን መታ መታ አደረጉት።

«ሥዕል ማንበብ ብትችሉ ኖሮ መፍትሔው እዚሁ አጠገባችሁ ነበር!»

«ይሄ የራስ ቅል ምንድን ነው ጌታዬ?» አለቻቸው የሻረግ፣ ቆዳ ነካሪዋ።

«በራሳችሁ ላይ አትሸከሙ፣ በትከሻ ይሁን ማለት ነው!»

«እዚህ በጀርባው የተንጋለለው ዓሣስ?»

«በጾምም ይቻላል ማለት ነው።»

«እሰይ! ይሄኛውስ? እጅ ላይ የሚንቆረቆረው?»

አቶ ልሳነወርቅ ፈገግ አሉ። «ይህንን እንኳ ሕፃን ያውቀዋል። ከላይ ይፈሳል፣ ከታች እጅ ተዘርግቷል። ከምግብ በፊት እጃችሁን ታጠቡበት ማለት ነው!»

«እጁ ግን የተቦረቦረ ይመስላል...»

«እድፍ ነዋ! እድፍ ባይኖረው ምን ያስታጥበዋል?»

«ተመስገን! ፈረንጅ እንኳ አሰበልን» ብላ የሻረግ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ሸዋንግዛው ጨነቀው። ተሳስተዋል ቢል አምስቱ ልጆቹ ጾም ሊያድሩ ነው፤ ዝም ቢል የየሻረግ እጅ እንደ ሱሪው ሊሆን ነው።

«ቆይ! ቆይ የሻረግ!» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ዐይናቸውን አጠበቡ። «ምነው? ተሳስተዋል ልትለኝ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ሥርዓት እንዳይጎድል ብዬ እንጂ። ታላቅ ቆሞ ታናሽ ይታጠባል እንዴ? እርስዎ ይቅደሙ፣ እኔ አስታጥብዎታለሁ።»

አቶ ልሳነወርቅ ደስ አላቸው። «አየህ! አሳዳጊ የበደለው ሰው እንዲህ አያስብም» አሉና ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉ።

ሸዋንግዛው ወፍራም የጎማ ጓንት አጠለቀ። የጎማ ሽርጥ ታጠቀ። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ቆመና ጀሪካኑን አንሥቶ፣ ክዳኑን ሳይከፍት፣ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ የጋብቻ ቀለበትዎን አውልቀው ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ጠዋት አንዲት ጠብታ ብታርፍብኝ ሱሪዬን በልታ ይህን ቀዳዳ አተረፈችልኝ። እርስዎን በሙሉ ጀሪካን ላስታጥብዎ ነው፤ ለእትዬ ማታ ይዤላቸው የምሄደው አንድ ነገር እንኳ ይትረፍ ብዬ ነው።»

ሁለቱ እጆች የት እንደገቡ ያየ የለም፤ ኋላ ላይ ኪስ ውስጥ ተገኙ።

«መነጽሬን... መነጽሬን ሳላደርግ ነው ያነበብኩት!» ብለው ጮኹ አቶ ልሳነወርቅ። «አትታጠቡበት ነው የሚለው! ምን ታፈጣላችሁ? ወዲያ አርቁት!»

ሸዋንግዛውን ሊያባርሩት አስበው ነበር አሉ። ነገር ግን የስንብት ደብዳቤ ላይ ምክንያት መጻፍ ግድ ነው፤ ሦስት ወረቀት ጀምረው ሦስቱንም ቀደዱት። በማግሥቱ ሥዕሎቹን የሚያስረዳ ባለሙያ መጣ፤ አቶ ልሳነወርቅም ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው ተማሩ።

ስለ ሁለቱ መጨረሻ ወሬ የሰማሁት ባለፈው ዓመት የዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት ነው። የየሻረግ ልጅ ስትዳር አቶ ልሳነወርቅና ሸዋንግዛው አንድ ገበታ ደርሷቸው ነበር። አስታጣቢው ማንቆርቆሪያውን ይዞ በአክብሮት ወደ አቶ ልሳነወርቅ ጠጋ ሲል፣ እርሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፣

«የለም፣ የለም፤ ዛሬ ታናሽ ይቅደም!» አሉ።