ጅብ ሳይመጣ የጮኸው

አንድ ጊዜ በእንስሳት መንደር ፊደል የቆጠረች አንዲት አህያ ነበረች። ዓይን አፋር ናት፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍራት ግን «አላውቅም» ማለት ነበር። አንበሳ የመንደሩን ኮምፒውተር አደራ ሰጣት። በውስጡ የበር ጠባቂው ውሻ፣ መቻል፣ ውኃ ሊጠጣ ከበሩ የሚርቅበት ሰዓት ተመዝግቧል። ያን ሰዓት ከአንበሳ፣ ከአህያና ከራሱ ከመቻል በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን አንበሳ «መዝገቡን አሳምረሽ አትሚልኝ» አላት። ለዚህ የሚሆነውን ፕሮግራም ከራሱ ከሠሪው ድረ ገጽ ማውረድ ጀመረች፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገራት። ይህን ያየ ቀበሮ ፍላሽ ይዞ ብቅ አለ።

«እመት አህያ፣ ምን ያደክምሻል? ያው ፕሮግራም እኔ ጋ አለ።»

ፍላሹን እንደሰካች ጸረ ቫይረሱ ጮኸ። «የዚህ ፕሮግራም ሠሪ አይታወቅም» የሚል ቀይ ጽሑፍም ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ቀበሮ ሳቀ። «አንቺ የተማርሽው እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሁሉንም እንዲህ ነው የሚለው። አጥፊውና ጫኚው።»

አህያ አፈረች። ጸረ ቫይረሱን አጥፍታ ጫነችው። መዝገቡ አምሮ ታተመ፤ አንበሳም አመሰገናት።

በሦስተኛው ቀን፣ ልክ መቻል ወንዝ እንደወረደ፣ ጅብ ገብቶ ስድስት ግልገሎች በላ። ሁለቱ የእመት ፍየል ነበሩ። አህያ መቻልን ልትጠራ ስትሮጥ ከቁጥቋጦ ጀርባ ጭቅጭቅ ሰማች።

«አያ ጅቦ፣ ፕሮግራሜ ከኮምፒውተሩ ሰርቆ ያመጣልኝን ሰዓት ነገርኩህ» ይላል ቀበሮ። «ስድስት ሰዓት አልኩህ እንጂ ስድስት ግልገል መች አልኩህ? ድርሻዬስ?»

«እኔ ሰዓት አላውቅም» አለ ጅብ አፉን እየላሰ። «ስድስት ስትል ስድስት በላሁ።»

አህያ የጫነችው ምን እንደነበር ያኔ ገባት።

በማግሥቱ ሸንጎ ተቀመጠ። መቻል ዘግይቶ ደርሶ ጮሆ ነበርና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ አላገጡበት። ሰዓቱን ለጅብ የነገረው እሱ ነው ተባለ።

«አንቺስ ለማን ተናገርሽ?» አላት አንበሳ።

«ለማንም» አለች መሬት መሬት እያየች። በአፏ ለማንም አልተናገረችም።

«እሷስ አትዋሽም» አለ መቻል። «እኔም ግን አልተናገርኩም።»

ከመንደሩ አባረሩት። ሲወጣ አህያ ቀና ብላ አላየችውም።

ዘጠኝ ክረምት አለፈ። ባዶውን በር ባየች ቁጥር መቻል ትዝ ይላት ነበር። በመጨረሻ እመት ፍየል ዘንድ ሄደች።

«የዚያን ጊዜ ጅብ ሳይመጣ የጮኸ ነበር» አለች። «ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገረቻት።

ፍየል ማመስኳቷን አቆመች። «የእኔን አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሂጂና ለመቻል ንገሪው።»

አህያ ወንዙን ተሻግራ ባዕድ መንደር ደረሰች። በሩ ላይ የማታውቀው ውሻ ቆሟል።

«አባ መቻልን ነው? አምና ሞተ» አላት። «እዚህ ከመጣ ወዲህ ውኃ ሊጠጣ እንኳ ከበሩ ርቆ አያውቅም ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ማን እንደሠራው ያላወቁትን ፕሮግራም መጫን ጥፋት መሆኑን፣ ጭኖ ዝም ማለት ግን ከጅብ ጋር አብሮ መብላት መሆኑን ነው።