ሦስቱ «እህ»

«ያ ሰውዬ ያን ቀን ምን ጽፎ ሄደ?» የሚለው ጥያቄ አንዲትን ገበሬ ሴት ለዓመታት ከንክኗታል። ሰውዬው የባህል ዘፈን የሚሰበስብ ሊቅ ነው፤ አውድማ ላይ ስትዘፍን አንዴ ሰምቷት፣ ዜማዋን በኖታ አስፍሮ፣ በቅንብሩ ተሸልሞ ነበር። አሁን ደግሞ ከተማ አስጠርቶ ለልምምድ አቆማት።

«ተሳሳትሽ!» ብሎ ጮኸባት፣ ወረቀቱን እየመታ። «እዚህ ጋ ሦስት ጊዜ ‹እህ፣ እህ፣ እህ› ይላል። የገበሬው ብሶት ያለው እዚያ ላይ ነው! እንደተጻፈው ካላልሽ ነገ መድረክ አትወጪም።»

ሴትየዋ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ ያን ቀን እብቅ ጉሮሮዬ ገብቶ አስሎኝ ነበር። ስለዚህ ወስኛለሁ፤ ነገ ዘፈኑን እኔ እዘፍናለሁ። ለሳሉ የተሸለሙት ግን እርስዎ ስለሆኑ፣ እሱን እርስዎ ያሰሙልን።»