የአቶ ባንትይርጉ ቀበቶ

ኑ እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲህ ሲደበድበው እሩቅ የተቀመጠ ሰው ከኔ አፍ ምንም አይሰማም። አንቺ በሩን ገፋ አድርጊው። የደብረ ብርሃን ብርድ ባለጌ እንግዳ ነው፣ ሳይጠሩት ገብቶ ወገብ ነው የሚይዘው። ወገብ ካልኩ አይቀር የአቶ ባንትይርጉን ቀበቶ ላውጋችሁ።

አንድ ቀን፣ እንዲሁ በሐምሌ፣ የልጄ ልጅ ምንታምር ከቴክኒክ ኮሌጇ ከጓደኞቿ ጋር የሠራችውን አንድ ጉድ ይዛ መጣች። ሮቦት ነው አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጀሪካን ግን አውቃለሁ፤ ያየሁት ጀሪካን ነው። ከሥሩ ጎማ ገጥመውለታል፣ ከላዩ አናት ደፍተውለታል፣ ከጎኑ አንድ ክንድ አብቅለውለታል፣ ክንዱ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ጨብጧል። ሥራው እንግዳ ፊት እየሄደ ውሃ አፍስሶ እጅ ማስታጠብ ነው። ስሙንም «አስታጣቢው» ብለውታል።

«ልጄ፣ እጅ የሚያስታጥብ ሰው ጠፍቶ ነው?» አልኳት።

«ሰውማ ሞልቷል፣ እምዬ። አዳማ ላይ ውድድር አለ፤ ሰኞ እንሄዳለን። ከሄድን ማለቴ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አስታጣቢው ሙሉ ሰውነቱን ይዞ አውቶቡስ አይገባም። ክንዱ ተነቅሎ፣ አናቱ ተነቅሎ፣ አዳማ ሲደርስ እንደገና ይገጠማል። ክንዱ ሲነቀል ታዲያ በሆዱ ያለው ሽቦም አብሮ መላቀቅ አለበት። የወርክሾፑ ኃላፊ አቶ ባንትይርጉ ደግሞ ሽቦ ለሽቦ ጠምዝዛችሁ ናስትሮ ጠቅልሉበት ብሏቸዋል። ሲነቅሉት ናስትሮውን በምላጭ ይቀድዳሉ፣ ሽቦውን ይቆርጣሉ፣ ሲገጥሙት እንደገና ይጠመዝዛሉ። ሽቦው እንደ ጧፍ ከቀን ወደ ቀን አጠረ። ኮብልስቶን ላይ ሲነዱት ይንቀጠቀጥና ይላቀቃል። አንድ ጊዜማ ቀዩን ከጥቁሩ አሳስተው አያይዘውት ወደፊት ሂድ ቢሉት የኋሊት ሄዶ የዶሮዎቼን ቤት ጣሰው። አውራው ዶሮዬ ከዚያ ወዲያ ጀሪካን ሲያይ ይሸሻል።

«መላ የለውም?» አልኳት።

«አለው። ስፒና ነው መላው። ግን ስፒና ሁሉ ስፒና አይደለም» አለችና ሦስት ዓይነት አወጣችልኝ።

አንደኛው ይሄ የግድግዳው ነው፣ የሰው ጡጫ የሚያክል። «ይህን ብናደርግለት አስታጣቢነቱ ቀርቶ ስፒና ተሸካሚ ይሆናል፤ ሆዱ ጠባብ ነው» አለች። ሁለተኛው ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ቀጭን ነገር ነው፤ ለሬዲዮ ወሬ ይበቃል፣ ጎማ የሚያዞረው ኃይል ሲያልፍበት ግን ግሎ እንደ ሰም ይለሰልሳል። ሦስተኛው ቢጫ፣ ባቄላ የምታክል። አንዱ ጎኗ ሹል፣ አንዱ ጎኗ ደልዳላ ስለሆነ በጨለማ እንኳ ገልብጠህ ብትሞክር እንቢ ትላለች። ስትሰካት ጥብቅ ትላለች፣ መንገድ አያላቅቃትም፤ ስትፈልጋት ጎትተህ ትነቅላታለህ፤ መቶ ጊዜ ብትሰካ ብትነቅላት አትሰለችም።

«በሉ ይቺን አድርጉለታ!»

«እጄ ላይ ያለችው አንዷ ለናሙና ናት፣ እምዬ። የቀሩት ጋሼ ባንትይርጉ ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው፣ አንድ ካርቶን ሙሉ። ቁልፉን ባንገታቸው አንጠልጥለውታል። ለክፉ ቀን ነው የሚሉት።»

ክፉው ቀን እሱ ራሱ መሆኑን ማን ይንገረው!

አቶ ባንትይርጉ ማለት ስለ ወጥ ሲወራ ወጥ ሠሪ፣ ስለ ምጥ ሲወራ አዋላጅ የሆነ ሰው ነው። ከኮሌጁ ዕቃ ሲወጣ ከገዛ አካሉ ሥጋ የተቆረጠ ይመስለዋል። ለራሱም ቢሆን ያው ነው፤ የሱሪው ዚፕ ድሮ ቢበላሽበት በሲባጎ ሰፍቶ ደፍኖት፣ ቀበቶውን እየፈታ ነው የሚኖረው። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፣ እኔ አላየሁም፣ ኋላ ነገር እንዳታመጡብኝ።

ሃያ አንድ ደረሰ፣ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ምንታምር አስታጣቢውን በማኅበርተኛው ፊት ልትሞክረው፣ አቶ ባንትይርጉም አይቶ አዳማ ይሂድ ወይም ይቅር ሊል መጣ። ሰው ተቀመጠ። ጀሪካኑ እየተንከባለለ ወደ ማኅበራችን ቄስ ወደ አባ ገብረ ጻድቅ ሄደ። አባ እጃቸውን ዘረጉ። አስታጣቢው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ዘለለ፣ ሽቦው ተላቀቀ፣ ክንዱ ወደቀ፣ ውሃው በሙሉ አባ ጉልበት ላይ።

አባ ቀና ብለው «ልጄ፣ እኔ እኮ ተጠምቄያለሁ» አሏት።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ምንታምር ግን ዓይኗ ዕንባ ሞላ። እዚያው ሰው መሀል «ጋሼ፣ ስፒናዎቹን ይስጡን። አለበለዚያ ሰኞ መሄዳችን ቀረ» አለችው።

አቶ ባንትይርጉ ተነሣ። ቆሞ ነው የሚያስተምረው፣ ተቀምጦ ዕውቀት አይወጣለትም።

«ስፒና የሰነፍ ነው! የሚሰካ ነገር ይነቀላል። የሚነቀል ነገር ምኑን ተያያዘ? እኔ የቤቴን መብራት በሙሉ በጥምዝምዝና በናስትሮ ነው የሠራሁት። ሰው ማለት ያሰረው የማይፈታ ነው!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ደረት ሲነፋ ሆድም አይቀርም፤ ቀጭ አለና የቀበቶው ዘለበት ተሰብሮ አባ እግር ሥር ወደቀ። የሱሪው ቁልፍም ተከተለው።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይቀመጥ ነበር። እሱ እቴ! «ጥሩ! ማስተማሪያ ተገኘ!» አለ። ከአስታጣቢው ሆድ የተረፈውን የመዳብ ሽቦ መዝዞ በቀበቶ ማስገቢያዎቹ ዙሪያውን አሳለፈና፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ከኪሱ ፒንሳ አውጥቶ ጠመዘዘው። ደግሞ ጠመዘዘው። ጫፉን ቆረጠ፣ ናስትሮ ጠቀለለበት። ፒንሳውን ለምንታምር ሰጥቶ እንዲህ አላት።

«አየሽ አንቺ? የኔ እስር ለመፈታት አልተሠራም። እስከ መቃብሬ እንዲሁ ነው። እንቺ፣ በዚሁ ፒንሳ የጀሪካንሽን ክንድ እንደዚህ እሰሪና አርፈሽ ተቀመጪ።»

ልጅቷ ፒንሳውን ተቀብላ ተቀመጠች። ጠላ መጣ።

መቼም ታውቃላችሁ፤ ማኅበር ቤት የእንግዳ ብርጭቆ ጎድሎ ከታየ ነውሩ የባለቤቷ ነው። ቀዳሁለት። ጠጣ። «በቃኝ» አለ። «በሞቴ!» አልኩት። በሞቴ የተባለ ሰው እንቢ ካለ ገደለኝ ማለት አይደል? አቶ ባንትይርጉ ቢሰስትም ነፍሰ ገዳይ አይደለም፣ ጠጣ። ከወዲያ ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ «በሞቴ» አሉት። ጠጣ። ብርዱም በበኩሉ አገዘን።

ጥቂት ቆይቶ ሰውዬው ወሬው አጠረ። እግሩን አነባበረ። ያንን ፈትቶ በሌላ በኩል አነባበረ። ከዚያ እንደዋዛ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። የሽንት ቤቱ በር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ትግል ሰማን። ከዚያ ተመለሰ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ጥፍሩ ላይ ናስትሮ ተለጥፏል።

«ቢላ!» አለ።

«ቢላዬ ሽንኩርት እንጂ መዳብ አያውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ደነዝ ነው።

«ፒንሳዬ! አንቺ ልጅ፣ ፒንሳዬን!»

ምንታምር ቀስ ብላ ተነሣች፤ ፒንሳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፋ አድርጋ፦

«ውይ ጋሼ፣ ፒንሳ ምን ያደርግልዎታል? እስሬ ለመፈታት አልተሠራም ብለውኛል። እንግዲህ እስከ መቃብርዎ ይታገሡዋ» አለችው።

ሙሴው ጠላው በአፍንጫቸው ወጣ። አቶ ባንትይርጉ አንድ እግሩን አንሥቶ ሌላውን እየረገጠ «ልጄ፣ ይህ ሌላ ነው፣ ያ ሌላ ነው!» አለ።

«አንድ ነው ጋሼ። የሚያስፈልገው ሲያጠብቁት የሚጠብቅ፣ ሲቸኩሉ የሚፈታ ነው። እሱ ደግሞ ካንገትዎ ቁልፍ ወዲያ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው።»

አባ ገብረ ጻድቅ እርጥብ ጉልበታቸውን እያራገፉ «ስጪው ልጄ» አሏት። እሷም ወደ እሳቸው ዞራ «እሳቸው ይስጡኝ እንጂ አባ!» አለች።

ቁልፉ ከነክሩ ካንገቱ ወጥቶ መዳፏ ላይ አረፈ። ፒንሳውን ነጥቆ ሮጠ።

ደረሰ ወይ? ትሉኛላችሁ። እኔ አልተከተልኩትም፣ ነውር ነው። ብቻ ሲመለስ ከበረንዳው ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ጋቢዬን ወገቡ ላይ አገልድሞ ነበር። «ብርድ ነው» አለ። «ብርድ ነው» አልነው ሁላችንም።

አስታጣቢው ሰኞ ክንዱ ለብቻ፣ አናቱ ለብቻ ሆኖ አዳማ ሄደ፤ እዚያም ስፒናዎቹን ሰክተው ዳኞቹን በሙሉ እጅ አስታጠበ፣ ጉልበት አልነካም። አንደኛ አልወጣም፣ ሁለተኛ ነው የወጣ። ዛሬ ክንዱ ኮሌጁ ውስጥ ነው፣ ጀሪካኑን እኔ ወስጄ ውሃ እቀዳበታለሁ፤ አውራው ዶሮ እስኪታረድ ድረስ አላመነውም። ምንታምር እዚያው ወርክሾፕ አስተማሪ ሆነች፣ ቁምሳጥኑም አይቆለፍም። አቶ ባንትይርጉ ጡረታ ወጣ፤ ስፒና ያስገባሁ እኔ ነኝ እያለ ያወራል፣ የሚለብሰውም ባለላስቲክ ሱሪ ነው። አባ ገብረ ጻድቅ እጃቸውን በራሳቸው ይታጠባሉ።

እኔ? እኔ ጋቢዬን ሁለቴ አጠብኩት።