የድንጋይ ቤቱን ሱፍ ያለበሰው ነጋዴ

አንድ ወንድይራድ የሚባል የጨው ነጋዴ በብርዳም ደጋ አገር ይኖር ነበር። ሀብት አላጣም፣ ደግ ሚስትም አላጣም፤ ያጣው ሰው ማመንን ብቻ ነው። ጎረቤቱ "እንደምን አደርክ?" ሲለው "ደኅና" ብሎ ይመልስና፣ ዘወር ሲል "ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን?" ይላል። ስጦታ ያመጣለት ሰውማ ወዮለት፤ ሳምንት ሙሉ ሲጠረጠር ይከርማል።

የሚኖርበት ቤት ከአያቱ የወረሰው የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያደንቀዋል። ግን ማድነቅና መኖር ለየቅል ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ድንጋዩ ብርዱን ይዞ ውስጥ ላሉት ያድላል፤ እሳት ቢያነዱ ፊት ይሞቃል እንጂ ጀርባ አይሞቅም። ሚስቱ እማዋይሽ ደረቷን ታማ ሁለት ክረምት በሳል አሳለፈች። በሦስተኛው ዓመት ሐኪሙ ወንድይራድን ወደ ደጅ ጠራውና፣ "መድኃኒቱን ሰጥቻታለሁ። ግን ይህ ቤት ካልሞቀ የሚመጣውን ክረምት መውጣቷን እንጃ" አለው። ወንድይራድ ሰው ባያምንም ሚስቱን ይወዳል። የዚያን ዕለት እህል በአፉ አልዞረም።

በዚያ አገር የድንጋይ ቤት ከውስጥ በኩል የሚያለብስ ጥላዬ የሚባል ግንበኛ ነበር። ከድንጋዩ ፈንጠር አድርጎ ቋሚና ማገር ያቆማል፣ በመካከሉ የበግ ሱፍ ይጠቀጥቃል፣ ከላዩ ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይለስናል። ቤቱ ካፖርት ለበሰ ማለት ነው። ወንድይራድ ፋሲካ እንዳለፈ አስጠራው። ጥላዬ ግን ሱፉን ዞር ብሎም አላየው። መጀመሪያ የድሮውን ልስን ፈቅፍቆ አወረደ፤ ቀጥሎ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረውን አፈር "ይህ እርጥበት ያቁራል፤ መነሣት አለበት" አለ።

"ሱፉንስ መቼ ነው የምትጠቀጥቀው?" አለ ወንድይራድ።

"ግድግዳው ሲደርቅ ነዋ ጌታው። የበልጉ ዝናብ ገና አልወጣለትም። ወር ይፈጅብን ይሆናል።"

"ደግሞ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል ልትለኝ ነው?"

"ድንጋዩ ባይጠጣ በመካከሉ ያለው ጭቃ ይጠጣል። እርጥቡን ካለበስነው ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል።"

ወንድይራድ ራሱን ነቀነቀ። በልቡ ግን "ገባኝ! ልስኑን ያወረደው አያቴ በግድግዳው ውስጥ የሸሸገውን ወርቅ ሊፈልግ ነው" አለ። አያቱ ምንም ወርቅ እንዳልሸሸገ እናቱ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። እናቱንስ መች አምኗት!

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ውስጥ ሲገባ በግድግዳው ሥር ሥር፣ ሰባት ቦታ፣ አመድ እፍኝ እፍኝ ተደርጎ ተቀምጦ አየ። ክው አለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አመዱን ያስቀመጠው ሰው ደጅ አፈር እየዛቀ ነው። ሃያ እርምጃ ሄዶ "ይህ ምንድን ነው?" ቢለው ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሱ ግን መንገድ ተሻግሮ፣ ወሬ ከማይጠፋባት ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ።

"ሰባት ቦታ አመድ? በስመ አብ!" አለች ጎረቤቲቱ አማትባ። "ይኸማ የለየለት መተት ነው!"

ወንድይራድ እየከነፈ ተመለሰና አመዱን በመጥረጊያ ጠርጎ ወደ ደጅ በተነው። "በታመመች ሚስቴ ላይ መተት ትሠራለህ?" ብሎ ጮኸ።

ጥላዬ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የሰውየውን ዓይን ሲያይ ሳቁን ተወ። "ጌታው፣ አመድ እርጥበት ያሳብቃል። ማታ ያስቀምጡታል፣ ጠዋት ያዩታል፤ ውሃ ባለበት ይጠቁራል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚሠራው። አራቱ እንደነጡ ነው ያደሩት፣ በጀርባ በኩል ያሉት ሦስቱ ግን ጠቁረው ነበር።"

"አባትህም መተተኛ ነበር በለኛ!"

በዚህ ጊዜ ጥላዬ ዕቃውን ሰበሰበ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞረና፣ "ሳይደርቅ እንዳያለብሱት። እሷን ይጎዳታል" አለ። ምክር ነበር። ወንድይራድ ግን ዛቻ አድርጎ ሰማው፤ "ጭራሽ ይዝትብኝ ጀመር!" እያለ በየጠላ ቤቱ አወራ።

ከዚያ ወዲያ ማንንም ላለመጠርጠር ብሎ ራሱ ገባበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? በስድስት ቀን ማገሩን አቆመ፣ ሱፉን ጠቀጠቀ፣ ጭቃውን ለሰነ። የተከመረውንም አፈር እንዳለ ተወው። እውነት ለመናገር ቤቱ ሞቀ። እማዋይሽ ሁለት ሳምንት ሳትስል ተኛች፤ ወንድይራድም "ወር ይፈጃል ብሎኝ አልነበር? አየሽው ሌባውን!" እያለ ደረቱን ነፋ።

ሐምሌ ሲገባ አንዳች የሻጋታ ሽታ ቤቱን ሞላው። አዲሱ ልስን ያልበው ጀመር። የእማዋይሽም ሳል ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቁጭ ብላ ካልሆነ እንቅልፍ የላትም። ወንድይራድ ጨነቀው። ግድግዳውን በመጥረቢያ ሲከፍተው ሱፉ ጠቁሮ እጁ ላይ ተበጣጠሰ፤ ከድንጋዩም ውሃ ይንጠባጠባል።

"ይኸውልሽ!" አለ የተበጣጠሰውን ሱፍ እያሳያት። "መተቱ ያዘን!"

እማዋይሽ ከአልጋዋ ቀና አለች። "አንተ ሰው፣ ሰውየው ውሃ አለ አለህ፤ ውሃ ወጣ። መተቱ የቱ ላይ ነው?"

ወንድይራድ የያዘውን ሱፍ ወደ ደጅ ወረወረ።

"ወደ ጥላዬ ቤት ውሰደኝ" አለች። "የእሱ ቤት ደረቅ ነው።"

"ሞቼ ነው የሱን ደጅ የምረግጠው!"

"የምሞተውስ እኔ ነኝ" አለችው።

ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷት። የጥላዬ ቤት ጠባብ ናት፤ እሷም የድንጋይ ቤት ናት፤ አባቱ ከውስጥ አልብሷት ሞቃ የኖረች። ጥላዬ "ብዬዎት ነበር" የምትል አንዲት ቃል ከአፉ አላወጣም። ሚስቱም የራሷን አልጋ ለቀቀችላት።

ወንድይራድ ሦስት ቀን "ቤት ልጠብቅ" ብሎ ቀረ። በአራተኛው ቀን ሚስቱን ሊያይ መጣ። ብላ ሲሉት "በልቻለሁ" አለ። ቁጭ በል ሲሉት ቆመ። ጓዳውን አጮለቀ፣ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከሁሉም ያስጨነቀው ግን ዝምታው ነበር። እማዋይሽ እሱ ከገባ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልሳለችም። "ምን አቅምሰዋት ነው እንዲህ ዝም ያለችው?" አለ በልቡ።

እማዋይሽ የባሏን ልብ ታውቀዋለች። "ግድግዳውን ተወውና ና እጄን ያዝ" አለችው።

ያዘው። እጇ ሞቆ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በክረምት ይዞት የማያውቀው ሙቀት ነው። ወንድይራድ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና፣ የቤቱ ባለቤቶች እያዩት፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወዳጆቼ፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚሉ አባቶቻችን አልዋሹም፤ ሌባም አታላይም ሞልቷል። የወንድይራድ ጥፋት መጠርጠሩ አልነበረም፤ የጠረጠረውን አለማጣራቱ ነው። ጎንበስ ብሎ አመዱን በእጁ ቢነካው እርጥበቱን ያገኘው ነበር። ጥርጣሬውን ግን እውነት ነው ብሎ ካደረ በኋላ የጥላዬ ማብራሪያ ውሸት፣ ምክሩ ዛቻ፣ የሚስቱ መዳን እንኳ ተንኮል መሰለው። ሰው እዚህ ሲደርስ የሚጎዳው ብቻውን አይደለም፤ አጠገቡ የተኛውን ነው የሚያስበላው።

እስቲ እርስዎም ያስቡት፤ በጥርጣሬ ከቤትዎ ያባረሩት ሰው በሩ ላይ ዞሮ ያለዎት የመጨረሻ ቃል ምን ነበር?