የዘነቡ ክክና የዳምጤ ጉሮሮ

ተረት ተረት።

«የላም በረት።»

ምነው፣ የሚያባርራችሁ አለ? ቀስ በሉ። ተረት ተረት።

«የላም… በረት።»

እንዲያ ነው። በድሮ ዘመን ዳምጤ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ዘነቡ ትባላለች። ዘነቡ ባለሙያ ናት። የአተር ክክ ወጥ ስትሠራ ሽንኩርቱን በዝግታ ታቁላላለች፣ በርበሬውን ታበስላለች፣ ኮረሪማውን መጨረሻ ላይ ጣል ታደርጋለች። ግማሽ ቀን ከምድጃው አትርቅም። ዳምጤ ግን ከእርሻ ይመጣና ይቀመጣል። የታጠበው እጁ ሳይደርቅ ገበታው ይራቆታል። ያኝካል አይባልም፤ ጎተራ እንደሚሞላ ሰው ከላይ ይገለብጠዋል። ከዚያም አፉን ይጠርግና፦

«ዛሬም እጣቢ ነው» ይላታል።

«ምን ጎደለው?»

«እኔ ምን አውቄ። ወጥ እንደሆን የማንጠግቦሽ ነው። የሷን ስቀምስ ዓይኔ ይበራል።»

ማንጠግቦሽ ጎረቤታቸው ናት። ዘነቡ ይህን እየሰማች ከረመች። ጨው ጨመረች፣ ጨው ቀነሰች። ቅቤውን ለወጠች። እሱ ያው ነው። በመጨረሻም፦

«ሙያ የላትም። ወደ አባቷ ቤት ትመለስልኝ» ብሎ ሽማግሌ ጠራባት።

ሙያ የላትም ተብላ የተመለሰችን ሴት በዚያ አገር ማን ደግሞ ያገባታል? ይህን ስም ይዛ ከአባቷ ደጃፍ ትቀመጣለች እንጂ። ዘነቡ ይህን ታውቃለች። እንባዋን ግን ዋጠችው።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን ዋዜማ፣ እሳት ልትጭር ማንጠግቦሽ ቤት ሄደች። ዳምጤ እዚያ ተቀምጧል፤ ሞፈር ሊዋስ መጥቶ «ቅመስ» ተብሎ። ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ለካ ሰውየው ይሉኝታ አለው። ሲስገበገብ አየነው እንዳይሉት በጣቱ ጫፍ ትንሽ ይቆርሳል። እንደ አዲስ ሙሽራ አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ያኝካል። ማንጠግቦሽ ዘነቡንም አጎረሰቻት። ወጡ ጨው የሚባል አላየም፤ በዚያ ላይ አርሯል። ዘነቡ ጉርሻውን እንደምንም ዋጠችው። እሳቷን ይዛ እየሳቀች ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። የሁሉም ታላቅ አባ ተድላ ናቸው፤ ጥርሳቸው አልቆ በድዳቸው ነው የሚያኝኩ።

«አባቶቼ፣ ሂጂ ካላችሁኝ እሄዳለሁ» አለች ዘነቡ። «ከቤቴ ሳትቀምሱ ግን አትወጡም።»

ከዚያም ባሏን ከአባ ተድላ ጋር በአንድ ገበታ አስቀመጠችው። ወጉን መቼም ታውቃላችሁ። ታላቅ እያኘከ ታናሽ ዳግመኛ እጁን አይዘረጋም።

አባ ተድላ ጎረሱ። ዳምጤም ጎረሰ፣ ወዲያው ዋጠና እጁን ሰደደ። የአባ ተድላ አገጭ ገና ይዞራል። እጁን ሰበሰበ። ጠበቀ፣ ጠበቀና ሁለተኛውን ጎረሰ። ይህንንም ቢውጠው ባዶ አፉን ሊቀመጥ ነው። ስለዚህ አኘከው። ክኩ ምላሱ ላይ ፈረሰ። ሽንኩርቱ መጣ፣ ከኋላው ኮረሪማው መጣ። ዳምጤ ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ፦

«ከማንጠግቦሽ ቤት ነው ያመጣሽው?» አለ።

«ትናንት ማታ እጣቢ ያልከው ነው። ድስቱ ውስጥ የቀረውን አሞቅሁት።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አባ ተድላ ቆዩኝ ብለው እጃቸውን አነሡ። እስኪውጡ ተጠበቁ። ከዚያም፦

«ልጄ፣ እኔ በድዴ ኮረሪማውን አገኘሁት። አንተ ሙሉ ጥርስ ይዘህ አጣኸው። ሚስትህን ከምትከስ ጥርስህን ብትከስ ይሻልህ ነበር። በይ ዘነቡ፣ ፍርዱ ያንቺ ነው» አሉ።

«እቀመጣለሁ» አለች ዘነቡ። «ግን በየማዕዱ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሱ ያጎርሰኝ። እኔ ሳልውጥም እሱ አይጉረስ።»

ማል አሉት፣ ማለ።

ያን ዕለት ማታ አጎረሳት። ዘነቡ ማኘክ ጀመረች። ላሞቹ ገቡ። ማንጠግቦሽ እሳት ልትጭር መጥታ ሄደች። ዳምጤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ምራቁን እየዋጠ፦

«ዋጥሽ?» አለ።

ገና ነው ብላ በጣቷ አሳየችው።

«ኧረ ወጡ ቀዘቀዘ።»

ዘነቡ ጉርሻውን ወደ ጉንጯ ገፋ አደረገችና፦

«ቢቀዘቅዝስ፣ እጣቢ አይደል?» ብላ ማኘኳን ቀጠለች።

እኔም ተረቴን ዋጥ አደረግሁ። በሉ እንግዲህ ዳቦውን ወዲህ አምጡና አጉርሱኝ። እኔ ሳልውጥ ግን ማንም እጁን እንዳይዘረጋ።