የጫኔ ሐሙስ

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ፤ ጫኔ ይባላል። በሰፊ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ሰው እያሻገረ ይኖር ነበር። ገበያው ማዶ ነው፣ ወፍጮው ማዶ ነው፣ አዋላጇም ያለችው ማዶ ነው። በእግሬ ልዙር ያለ ሰው ሙሉ ቀን ይፈጅበታል፤ በታንኳ ግን የጀመሩት ጨዋታ እንኳ ሳያልቅ ይደረሳል።

የዚያ አገር ታንኳ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ሣር የሚታሰር ነው። ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ዳር ላይ ይቆምና ይደርቃል። መቅዘፊያው ግን ከታንኳው ጋር አያድርም። ሰካራም እንዳይጫወትበት፣ መንገደኛም ይዞት እንዳይሄድ፣ የመንደሩ መቅዘፊያ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያድረው ጫኔ ቤት ነው። እንዲህ የተደረገው ሰዉ ስለሚያምነው ነው። የሚታመንም ሰው ነበር፤ ምን አስዋሸኝ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ቀን ብቻውን ሐይቁ መካከል ሳለ ማዕበል ተነሣበት። ታንኳው ተገለበጠ። ውኃው ሊውጠው ሲል፣ «ፈጣሪዬ፣ ከዚህ ብቻ አውጣኝ! ዕድሜ ልኬን ሐሙስን ላንተ እሰጣለሁ፤ በዕለቱ ውኃ አልነካም፣ መቅዘፊያም አልጨብጥም» ብሎ ተሳለ። ወጣ። ቃሉንም ጠበቀ።

መንደርተኛውም ደግ ነው። የሚያስቀድሰውም የሚሰግደውም አብሮ የሚኖርባት መንደር ናት፤ የሰው ስለት አይነካባትም። ጎረቤቱ ደሴ፣ «አያ ጫኔ፣ አንተ ሐሙስህን ጸልይ፤ በዕለቱ ሰዉን እኔ አሻግርልሃለሁ» አለው። እንዲሁ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሐሙስ ጠዋት ደሴ ይመጣል፣ ኮቴውን ሳያሰማ መቅዘፊያዎቹን ከግድግዳው ያነሣል፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶለት ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጫኔ ጸሎት ላይ ነዋ!

በሦስተኛው ዓመት አንድ ነገር ሆነ። በሐሙስ ቀን እህል የጫነ ታንኳ ማዶ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተገለበጠ። ሰው አልሞተም፤ እህሉ ብቻ ሰጠመ። ጫኔ ግን ይህን ሲሰማ ፈራ። «ይሄ ቁጣ ነው» አለ በልቡ። «እኔ ሐሙስን ለፈጣሪ ሰጥቼ፣ መንደሩ ሁሉ ይንቦጫረቅበታል። ስለቴ ጎደሎ ነው ማለት ነው።» በዚያ ሐይቅ ላይ ማዕበል በየትኛውም ቀን እንደሚነሣ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፍርሃት ግን አስረሳው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማልዶ ተነሣ። በሩን ከውስጥ ቀረቀረና መቅዘፊያዎቹን ከጀርባው ደርድሮ ጸሎቱን ጀመረ። ለማንም አልነገረም።

ረፋዱ ላይ በሩ ተደበደበ። ደሴ ነው።

«አያ ጫኔ! ክፈትልኝ! ስንዱን ምጥ ይዟታል። ሌሊቱን ሙሉ አማጠች፤ ልጁ አልመጣ አለ። አዋላጇ ጋ ላሻግራት ነው።»

ስንዱ የደሴ ሚስት ናት፤ ይህ የመጀመሪያ ልጇ ነው።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው፣ ደሴ።»

«ሐሙስ መሆኑ መች ጠፋኝ? አንተ አትነሣ፣ እኔ ነኝ የምቀዝፈው። በሩን ብቻ ክፈትልኝ፣ መቅዘፊያውን ራሴ አነሣዋለሁ።»

«አይሆንም። ዛሬ ውኃውን ማንም አይነካውም። ለእናንተው ብዬ ነው፤ ቁጣ ይመጣል። ይልቅ ቤትህ ግባና ጸልይላት፣ ፈጣሪ ራሱ ይገላግላታል።»

ይገላግላታል ይላል እንግዲህ! ምጡ የሱ አይደል።

ደሴ በሩን በትከሻው ገፋው፤ አልበገር አለው። «ወንድሜ፣ እባክህ፣ በምታመልከው ይዤሃለሁ!» አለ። መቀርቀሪያው አልተነሣም። ከዚያ እየሮጠ ሲሄድ ተሰማ። ጫኔ ተመልሶ ተንበረከከ። ጸሎቱ ግን አልሆን አለው። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ጆሮው ያለው ሐይቁ ዳር ነው።

ደሴ የቤቱን መዝጊያ ሳንቃ ገንጥሎ በሱ ቀዘፈ። ሳንቃ ደግሞ የመቅዘፊያን ሥራ አይሠራም፤ ታንኳው ባለበት ይዞራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ማዶ ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። አዋላጇ ስንዱን አተረፈቻት። ልጁን ግን ማትረፍ አልቻለችም። «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለች።

በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ሐይቁ ዳር ተሰበሰበ። የመንደሩ ዳኛ፣ አባ ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ፣ መሐል ተቀመጡ። ጫኔ ፊታቸው ቆመ።

ሰዉ ተቆጥቷል። አንዱ «ከአገር ይውጣልን!» ይላል። ሌላው «የለም፣ መውጣት ያንሰዋል! ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ እየተገደደ ይቅዘፍ፤ ስለቱን ውኃ ይብላው!» ይላል።

ጫኔ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እኔ ለፈጣሪዬ የገባሁትን ቃል ነው የጠበቅሁት። በእምነቴ ነው የምትፈርዱብኝ?» አለ። ከልቡ ነበር የሚናገረው።

አባ ይርጋ አልተቆጡም።

«ጫኔ፣ እስከ ዛሬ በሐሙስ ቀን ተነሥተህ ቅዘፍ ያለህ ሰው አለ?»

«የለም፣ አባ።»

«ከጸሎትህ የቀሰቀሰህስ?»

«የለም።»

«ትናንትስ ደሴ ቅዘፍልኝ አለህ?»

«አላለኝም። በሩን ክፈት ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው እምነትህን የነካብህ የለም። አሁን ደግሞ ይህን ንገረኝ። ያኔ ማዕበሉ ውስጥ ሆነህ ስትሳል ስንዱ አብራህ ነበረች?»

«ኧረ አልነበረችም!»

«ለፈጣሪ የሰጠኸው የማንን ሐሙስ ነው?»

«የራሴን።»

«ታዲያ ያንተን ስለት በልጇ የከፈለችው እሷ የሆነችው ለምንድን ነው?»

ጫኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሱን የሚያየው ለፈጣሪው እንደሰጠ ሰው ነበር። ከሌላ ሰው እቅፍ ነጥቆ እንደሰጠ የገባው ያን ጊዜ ነው። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

«አለቀሰ ብለን ልንተወው ነው? ሐሙስ ይቅዘፍ እንጂ!» ብሎ ሰዉ እንደገና ጮኸ።

አባ ይርጋ አሁን ተቆጡ። «ዝም በሉ እናንተም! ሐሙሱን እንዳትነኩበት። ዛሬ የሱን ጸሎት በጉልበት ካስጣልነው ነገ የማንኛችን ጸሎት ሊተርፍ ነው? ጸለየ ብዬ አልፈርድበትም። በር ዘጋ ብዬ ነው የምፈርድበት።» ወደ ጫኔም ዞረው፣ «የሞተውን ልጅ እኔም አንተም አንመልሰውም። ከእንግዲህ ግን ረቡዕ ረቡዕ ሥራህን ስትጨርስ፣ መቅዘፊያዎቹን ሁሉ በገዛ ትከሻህ ተሸክመህ ስንዱ ደጅ ታደርሳለህ። ለሌላ ሰው አትሰጥም፤ ለራሷ፣ ፊቷን እያየህ ታስረክባታለህ» አሉት።

ረቡዕ ደረሰ። ጫኔ መቅዘፊያዎቹን ተሸክሞ ሄደ። ቅርብ ናት ቤቷ፤ ለሱ ግን ያን ቀን ራቀችበት። ስንዱ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች፤ ገና ጉልበቷ አልተመለሰም።

«ስንዱ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅርታውን ገና አልቻልሁም፣ አያ ጫኔ» አለችው። «ፈጣሪ እንዲያስችለኝ አንተም ጸልይልኝ። ነገ ማንም አይረብሽህም፤ እንደ ልማድህ ጸልይ። በርህን ግን ክፍት አድርገህ ጸልይ።» መቅዘፊያዎቹን ተቀብላው ገባች።

ወዳጆቼ፣ እምነት የሰው ልጅ የገዛ ሀብቱ ነው። ማንም ሊቀማው፣ ማንም ሊያሾፍበት አይገባም። መጾም የፈለገ ይጹም፤ የጎረቤቱን ምሳ የመድፋት መብት ግን ከየት አመጣ? ሰው ስለቱን የሚከፍለው በራሱ ሆድ፣ በራሱ ጉልበት፣ በራሱ ቀን ነው። ስለቱ ተነሥቶ የሌላውን መንገድ የዘጋ ዕለት፣ የሌላውን ልጅ የነካ ዕለት፣ ነገሩ ከእምነት አልፎ በደል ሆኗል። የበደለውን ደግሞ በበደሉ እንጠይቀው እንጂ እምነቱን አንርገጥበት፤ ያኔ እኛም ያው በር ዘጊዎች እንሆናለን።

እስቲ ዛሬ ብቻችንን ስንሆን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ለፈጣሪ ሰጠነው ከምንለው ውስጥ የራሳችን የሆነው ስንቱ ነው?