በጌጥ የተደፈነችው ቀይ መብራት

አንድ ሰው ደሴ ውስጥ ነበረ። አሮጌ መኪና ነበረችው። ዕድሜዋን አልነግራችሁም፤ እሱም ለማንም አይናገርም ነበር።

ይቺ መኪና ከመሪው ፊት አንዲት ቀይ መብራት አበራች። የፍሬን መብራት። ሚስቱ ውባለም አየቻት።

«ስማ እንጂ፣ ይቺ ነገር ዛሬም በርታለች።»

«ትበራለች። መብራት አይደለች?» አላት።

ልብ በሉ፤ ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። በዚያው ሳምንት መኪናዋን ይዞ ሄደ። ወዴት? ወደ መካኒክ? የት አባቱ! ወደ መኪና ማስጌጫ ሄደ። ዳሽቦርዱን በልኩ በተቆረጠ፣ የዋንዛ እንጨት በሚመስል ፕላስቲክ አስለበጠው።

ጌጥ ሠሪው «ጋሼ፣ ለመብራቷ ቀዳዳ ልተውላት?» ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ድፈናት! ጌጡን ታበላሽብኛለች።»

በድፍኑ ላይ ደግሞ፣ ስሙኝ፣ በወርቅማ ፊደል «ጌታ ጠባቂዬ ነው» የሚል አስለጠፈበት። የፍሬን መብራት ላይ!

ቤት ሲደርስ ጎረቤት ወጥቶ አደነቀ። አማቱ እልል አሉ። ውባለም ብቻ አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ «መብራቷስ?» አለች።

«ጠፋችልሽ።»

«ፍሬኑ ተሠራ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጽሑፉን አታነቢም? እምነት የለሽም እንዴ?»

አያችሁ? ስለ ፍሬን ጠየቀችው፤ እምነቷን መረመረላት።

ቅዳሜ ለሠርግ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ሐረጎን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያ ቁልቁለት ጥቅስ አያነብም። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። መኪናዋ በውባለም በኩል ካለው አለት ጋር ተላተመች።

የውባለም ጭን ተሰበረ። እሱ ምንም አልሆነም። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ምን መሰላችሁ?

«ወይኔ ዳሽቦርዴ!»

ጌጡ ተገንጥሎ እግሩ ሥር ወድቋል። ቀይዋ መብራት ግን ከነበረችበት ቦታ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አሁንም በርታለች። ውባለም በጣቷ አሳየችው።

ትስቃላችሁ? ሳቁ! ሰውዬው ደሴ ነው ያለው፤ እናንተን አይመለከትም።

ሚስትህ «እንነጋገር» አለችህ፤ አንተ መጋረጃ ቀየርክላት። ልጅሽ ምግብ መብላት ተወ፤ አንቺ ለእንግዳ «ጾም ይዞ ነው» አልሽ። ለዚህ የጸሎት አዳራሽ ኮርኒስ ስናሠራ አጨበጨብን። ባሏ የሚደበድባት እህት እዚሁ ወንበር ላይ ስታለቅስስ ምን ሰጠናት? ጥቅስ! ጥቅስ ሰጥተን ወደ ዱላው መለስናት!

ጥቅሱ ሐሰት ሆኖ ነው? አይደለም! እግዚአብሔር ቃሉን እንድንነቃበት ሰጠን፤ እኛ መድፈኛ አደረግነው። የእሱን ስም መድፈኛ! ደግሞ «ለምን አልጠበቀንም?» ብለን እንጠይቀዋለን። አስጠንቅቋችሁ ነበር እኮ! በሚስትህ አፍ፣ በልጅሽ ዝምታ አስጠንቅቋችሁ ነበር!

«አሜን» አትበሉኝ! በአሜንም ትደፍናላችሁ።

ሁልጊዜ «አጠገብህ ላለው ሰው ተባርከሃል በለው» እላችኋለሁ። ዛሬ አልልም። ዛሬ ዙሩና «ምን ብለሽኝ ነበር?» በሏት።

ከዚያ ዝም በሉ። እሷ ትናገር።